ስም፣ ቦታና ቀን፤ የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመብት ሙግትና እስራት

በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ ወራት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች መካከል በተነሣው ግጭት ከመኖሪያው የተፈናቀለው ሕዝብ በዚያው ክረምት ከ800,000 በላይ እንደ ደረሰ የረድኤት ድርጅቶች አስታውቀው ነበር። ከዚህ ውስጥ የሚበዛው ወደ ጌዴኦ ዞን የገባው ነው። በዲላ፣ በይርጋ ጨፌና በጌዴብ የትምህርት ቤት ክፍሎች፣ የአብያተ ክርስቲያናት ግቢዎችና ግንባታቸው ያላለቀ ሕንፃዎች ሳይቀሩ የሰው ማደሪያ ሆኑ። በየመጠለያው ከእህልና ከድንኳን እኩል የሚፈለግ ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም መዝገብ ነው። ስሙ በዝርዝር ላይ ያልሰፈረ ሰው እርዳታ አያገኝም፤ ወደ ቀየህ ተመለስ ተብሎ ሲሄድም ከየትኛው ቀበሌ እንደ ወጣ፣ ምን እንደ ተቃጠለበት፣ ከቤተሰቡ ማን እንደ ሞተበት የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። በመጀመሪያው ዙር የሸሸው ሕዝብ በግንቦት እንዲመለስ ተደርጎ በሰኔ እንደገና ሲፈናቀል፣ የሄደውም የተመለሰውም ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይለያይ ነበር።

በተከታዩ ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ በጌዴብ ወረዳ የተጠለሉ ተፈናቃዮች በምግብ እጦት መጎዳታቸው በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ተገረመ። ጌዴኦ እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተደባልቀው የሚበቅሉባት፣ በአገራችን የገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት፤ ይህ የመሬት አያያዟም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ልምላሜ መካከል ሰው እንዴት ይራባል? ጥያቄው ጌዴኦን ሳይጠቅስ፣ ስለ መላው የኢትዮጵያ ገበሬ፣ ከ35 ዓመት በፊት በአንድ መጽሐፍ ተነሥቶ መልስ ተሰጥቶበት ነበር። መልሱን የሰጡት የጂኦግራፊ መምህሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። እኝህ ሰው ኋላ በሰብአዊ መብት ተሟጋችነታቸው ስማቸው የገነነ፣ በዚሁ ምክንያት በስተርጅና ዘመናቸው ሁለት ጊዜ የታሰሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚያነሣው እስራታቸውንና የፖለቲካ ሙግታቸውን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የመምህርነትና የምርምር ዘመናቸው ግን ለኋለኛው ሥራቸው መሠረት መሆኑ በቅጡ አልተስተዋለም።

መስፍን የተወለዱት ሚያዝያ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት የተላኩት ወደ ሕንድ አገር፣ ፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በክላርክ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ሕንድ ከቅኝ አገዛዝ በወጣች ማግስት በዚያ መማራቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ የጋንዲ ስም በኋለኛ ንግግራቸውና ጽሑፋቸው ውስጥ መመላለሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ተቋም የጂኦግራፊ ክፍልን መሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መግቢያ መጽሐፋቸው ለረጅም ጊዜ የትምህርቱ ዋና መማሪያ ሆኖ ቆይቷል።

የጂኦግራፊ ሰው ሥራ ምንድን ነው ቢሉ፣ ነገርን ከቦታው ጋር ማያያዝ ነው። «በሰሜን ድርቅ ገባ» የሚለው አነጋገር ለጂኦግራፊ ሰው መልስ አይሆንም፤ የትኛው አውራጃ፣ የትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሰው ብሎ ይጠይቃል። መስፍን ይህን ጥያቄ ይዘው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያሉትን የሃያ ዓመታት የረሃብ ታሪክ አውራጃ በአውራጃ መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 በኒው ዴልሂ የታተመው፣ የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ ያለውን ተጋላጭነት የሚያትተው መጽሐፍ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ታሪኮች አንዱ ብቻውን ሊጠቀስ የሚገባው ነው። በኅዳር 1958 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት በዋግና በላስታ የደረሰው ረሃብ ለአካባቢው ሹማምንት ግልጽ ሆኖ ነበርና ማስታወቂያው ወዲያው ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ተላከ። ወረቀቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲንከባለል፣ ነገሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀ። ከዚያም ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ ታዘዘ። ያደረገውም ነገር ቢኖር የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልኩ ለወሎ ባለ ሥልጣኖች መጻፍ ነበር። ጥቂት እህል የተፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው።

የስም ዝርዝር የተጠየቀው ሰውን ለማዳን እንዳልነበረ ለማንም ግልጽ ነው። በወረቀት ያልተረጋገጠ ሞት ሞት አይደለም የሚል የጽሕፈት ቤት ልማድ ነው። መስፍን ከዚህ ያወጡት ትምህርት ግን ዝርዝርን መናቅ አልነበረም። ዝርዝሩ በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደ ተጻፈ መጠየቅ ነበር። በመጽሐፋቸው የደረሱበት ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ድርቅ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ረሃብ ግን ሰው የሠራው ነው። ገበሬው በአንድ በኩል በተፈጥሮ፣ በሌላ በኩል ከእጁ በሚቀሙት ኃይሎች መካከል ተጣብቆ ስለሚኖር ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር አይተርፈውም፤ ክፉው ቀን ሲመጣም የሚጮህበት አፍ የለውም።

በጌዴኦ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር በደራሳ አውራጃ፣ ሁኔታው ከሰሜኑ የተለየ ቢመስልም ሥሩ አንድ ነበር። ደራሳ ድርቅ የሚጠራባት አገር አልነበረችም፤ ቡናዋ ለውጭ ገበያ የሚወጣ ነው። ሆኖም የቡና ዛፉን ተክሎ ያሳደገው ገበሬ ከምርቱ ላይ ለባለ ርስት የሚከፍለው ድርሻ፣ ከዚያም በላይ የሚጫንበት ልዩ ልዩ ግዳጅ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ይህን እንቢ ብለው ተነሡና አመፁ በጦር ኃይል ተደመሰሰ። ይህ የሆነው መስፍን ካጠኗቸው ሃያ ዓመታት ውስጥ በአንዱ ነው። ድርቅ ሳይኖር የሚራቆት ገበሬ እንዳለ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አስረጂ ለማግኘት ያስቸግራል።

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ይፋ ወጥቶ ዙፋኑን ሲያነቃንቅ፣ የቀድሞ ባለ ሥልጣኖችን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። መስፍን የኮሚሽኑ አባል ሆነው ሰብሳቢነቱንም ይዘው ነበር። ምርመራው ቃል እየተቀበለ፣ ሰነድ እየሰበሰበ በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከተረሸኑት መካከል ኮሚሽኑ ጉዳያቸውን ሊያጣራ የተቋቋመላቸው ይገኙባቸው ነበር። ተጠያቂው ከተገደለ ጥያቄውም አብሮ ይቀበራል፤ ለወሎ ሕዝብ መሞት ማን በምን ያህል መጠን ተጠያቂ እንደ ነበረ በአደባባይ ችሎት ሳይነገር ቀረ። አንድ ሕዝብ ፍርድን በበቀል ሲለውጥ የሚያጣውን ነገር መስፍን ከቅርብ ያዩት በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

የደርግ ዘመን አልፎ ሌላ መንግሥት በተተካ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ መስከረም 29 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ተመሠረተ። በአጭሩ ኢሰመጉ ይባላል። መስፍን ከመሥራቾቹ ዋናውና የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኑ። ዕድሜያቸው 61 ነበርና ሌላው ጡረታውን የሚያስብበት ጊዜ ነው። የጉባኤው ዓላማዎች ሦስት ነበሩ፦ የዴሞክራሲ ሥርዓት እንዲገነባ፣ የሕግ የበላይነት እንዲሰፍን፣ ሰብአዊ መብቶች እንዲከበሩ መጣር።

ጉባኤው ይሠራበት የነበረው ዘዴ ዝርዝር አተያይ ይገባዋል፤ ከጂኦግራፊው ጋር ያለው ዝምድና የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ተበዳዩ ወይም ቤተሰቡ አቤቱታውን በጽሑፍ ያቀርባል። ከአቤቱታው ጋር ያለውን ሰነድ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ይሁን ከሥራ የተባረረበት ደብዳቤ ወይም የሐኪም ማስረጃ፣ ያያይዛል። የጉባኤው ባልደረባ ምስክር ጠይቆ ነገሩን ያጣራል። ከዚያም በመደበኛ ወይም በልዩ መግለጫ ይወጣል። በመግለጫው ላይ የሟቹ ወይም የታሳሪው ስም፣ ዕድሜው፣ ሥራው፣ የሚኖርበት ወረዳና ቀበሌ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ይሰፍራል። ያለ ፍርድ የተገደሉ፣ ታስረው ችሎት ያልቀረቡ፣ ከተወሰዱ በኋላ ያሉበት ያልታወቀ፣ ከሥራ የተባረሩ እየተባለ በየርዕሱ ይደረደራል። በየመግለጫው ስለ መንግሥት ጠባይ የሚሰጠው ሐተታ አጭር ነው፤ ገጹን የሚሞላው ስም ነው። በ1958 ዓ.ም. የአገር ግዛት ሚኒስቴር ከወሎ የጠየቀው ዝርዝር እዚህ ላይ ተገለበጠ፤ አሁን ዝርዝሩን የሚያወጡት ዜጎች ሆኑ፣ መልስ የሚጠየቀውም ሚኒስቴሩ ሆነ።

ይህን የሚመስል ሥራ በሌላም አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1968 በሞስኮ በድብቅ መውጣት የጀመረው የወቅታዊ ኩነቶች ዜና መዋዕል ማን መቼ ተያዘ፣ የት ታሰረ፣ በየትኛው አንቀጽ ተከሰሰ የሚለውን ብቻ ያለ ሐተታ ይመዘግብ ነበር፤ የመጀመሪያዋ አዘጋጁ ናታልያ ጎርባኔቭስካያ በተከታዩ ዓመት ታሰረች። በኢራን ደግሞ ኩርዱ ጋዜጠኛ መሐመድ ሰዲቅ ካቡድቫንድ በሕዝባቸው ላይ የሚደርሰውን የመብት ጥሰት የሚመዘግብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 አቋቁመው፣ በ2007 ተይዘው አሥር ዓመት ያህል በእስር ከቆዩ በኋላ በ2017 ተፈቱ። መዝገብ ያዥን ማሰር የአንድ አገር ወይም የአንድ ርዕዮተ ዓለም ልማድ አይደለም።

በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተሞከረው ማሰር ሳይሆን ዕውቅና መንፈግ ነው። መንግሥት ኢሰመጉን የፖለቲካ ድርጅት ነው በማለት ለዓመታት ሳይመዘግበው ቀረ፤ ጉባኤው መመዝገቡን ያገኘው በፍርድ ቤት ተሟግቶ ነው። በዚህ መካከል ጊዜው ለምሁራን አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ በጥይት ከተበተነ በኋላ፣ በሚያዝያ 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። ከእነዚህ መካከል የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስና የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ነበሩ። ዶክተር ታዬ በግንቦት 1988 ዓ.ም. ከውጭ አገር ሲመለሱ ተይዘው በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ የተለቀቁት በ1994 ዓ.ም. ነው። ከሁሉ የከፋው የደረሰው በአቶ አሰፋ ማሩ ላይ ነው። አቶ አሰፋ የመምህራን ማኅበሩ አመራርና የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ አባል ነበሩ። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ሥራቸው ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የመዝገቡ ባለቤት የሆነው ጉባኤ የራሱን ሰው ስም፣ ቦታና ቀን ለመመዝገብ ተገደደ።

ከዚያ በአራተኛው ዓመት በዚያው ቀን፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ መስፍን ራሳቸው ታሰሩ። የቀኑ መገጣጠም ድንገተኛ ነው፤ መነሻው ግን የታወቀ ነው። መጋቢት 30 ቀን ኢሰመጉ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ትምህርት ነፃነት የውይይት ስብሰባ አዘጋጅቶ መስፍንና የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ንግግር አድርገው ነበር። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያቸው እንዲወጣና ሌሎችም ጥያቄዎቻቸው እንዲመለሱ ጠይቀው ትምህርት አቆሙ። ነገሩ ወደ ከተማው ተዛምቶ ሚያዝያ 9 እና 10 ቀን በአዲስ አበባ ብጥብጥ ሆነ፤ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ለዚህ ተጠያቂ ያደረገው ሁለቱን ተናጋሪዎች ነው፤ ሁከት አነሣሥታችኋል ተብለው ተያዙ። የኢሰመጉ ጽሕፈት ቤትም ተፈትሾ ለቀናት ታሸገ። የ71 ዓመቱ አዛውንት በእስር የቆዩት አንድ ወር ላልሞላ ጊዜ ሲሆን፣ ግንቦት 28 ቀን በዋስ ተለቀቁ።

እዚህ ላይ በአገራችን የእስር አሠራር ውስጥ የጊዜ ቀጠሮ የሚባለውን ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59፣ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስሁም ሲል ፍርድ ቤቱ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በእያንዳንዱ ጊዜ አለ እንጂ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሕጉ አልወሰነም። በዚህ ቀዳዳ ክስ ያልቀረበበት ሰው አሥራ አራት በአሥራ አራት እየተቆጠረ ወራት ሊታሰር ይችላል። ዋስትና ቢፈቀድለትም ክሱ አይዘጋም፤ በፈለጉት ጊዜ የሚሳብ ገመድ ሆኖ በአንገቱ ላይ ይቀራል። የመብት ተሟጋችን ከረጅም ፍርድ ይልቅ የሚያደክመው ብዙ ጊዜ ይህ ዓይነቱ እስር ነው፤ የሚከራከረው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ ቀኑ ነውና።

ሁለተኛው እስራት ከመጀመሪያው በብዙ መንገድ የተለየ ነው፤ መስፍን በዚህን ጊዜ የመብት ጉባኤ መሪ ብቻ አልነበሩም። ለ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቀስተ ደመና የተባለውን ድርጅት ካቋቋሙት አንዱ ሆነው ወደ ፖለቲካ ገቡ፤ ቀስተ ደመናም ከሌሎች ሦስት ድርጅቶች ጋር ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲን መሠረተ። ይህ እርምጃ በጊዜው አከራክሯል፤ ዛሬም ቢሆን የሚያከራክር ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል «ኢሰመጉ የፖለቲካ ድርጅት አይደለም» ብለው የተሟገቱ ሰው በፓርቲ መድረክ ላይ ሲቆሙ፣ ከሳሾቻቸው ድሮም ብለናል ለማለት ተመቻቸው። በመስፍን በኩል የሚቀርበው መከላከያ ዜጋ የመምረጥና የመመረጥ መብቱን የሚያጣበት ሙያ የለም የሚል ነው፤ ክርክሩም ትክክል ነው። ነገር ግን መብት ስላለ ሁሉ ማድረግ ብልህነት ላይሆን ይችላል። የጉባኤው ስም በመሪው ስም ላይ እጅግ ተደግፎ የኖረ በመሆኑ፣ የመሪው ወደ ፖለቲካ መሻገር ጉባኤውን ያለ ከለላ እንዳስቀረው መካድ አይቻልም። ይህን መናገር ውለታቸውን መቀነስ አይደለም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አገኘ። የአገር አቀፉ ውጤት ግን አጨቃጨቀ፤ በሰኔና ከዚያም በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ሰልፈኞች በጥይት ተገደሉ። ጥቅምት 22 ቀን የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪል ማኅበራት ሰዎች በጅምላ መያዝ ጀመሩ፤ የ75 ዓመቱ መስፍን ከመጀመሪያዎቹ ተያዦች መካከል ነበሩ። የቀረበው ክስ በሕገ መንግሥት ላይ ከማመፅ አልፎ የዘር ማጥፋት ሙከራን ይጨምር ነበር። ከተከሳሾቹ አንዱ ዶክተር ያዕቆብ ኃይለ ማርያም በአሩሻ በተቋቋመው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዓቃቤ ሕግነት የሠሩ ሰው መሆናቸው ሲታሰብ፣ ክሱን ያረቀቀው ሰው ጽሑፉን ደግሞ ያነበበው አይመስልም። የዘር ማጥፋቱ ክስ በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በችሎቱ ውድቅ ሆነ።

አብዛኞቹ የቅንጅት መሪዎች ከፍርዱ ፍትሕ አንጠብቅም ብለው ሳይከላከሉ ቀሩ። ሰኔ 4 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፤ ዓቃቤ ሕግ የሞት ቅጣት ጠየቀ፤ ሐምሌ 9 ቀን በመሪዎቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 13፣ ሽማግሌዎች ሲደክሙበት በቆዩት እርቅ መሠረት በይቅርታ ተፈቱ። የሃያ አንድ ወር እስራት እንዲህ አለቀ። በእነዚያው ወራት ውስጥ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ ሥራውን ሲያከናውን ቆይቶ፣ የተገደሉት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሆናቸውን አገኘ፤ ይህን በመጀመሪያ ለዓለም የገለጹት ከምክትል ሰብሳቢነት ተነሥተው ከአገር የወጡት ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ናቸው። በዚያን ጊዜ መስፍን ቃሊቲ ነበሩ። እርሳቸው በሌሉበት፣ የእርሳቸው ጉባኤ ባልሆነ አካል እጅ እንኳ ሙታኑ ተቆጥረው ተገኙ።

በይቅርታ መፈታት ሙሉ ነፃነት እንዳልሆነ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ይቅርታ የተሰጠው በሁኔታ ነው፤ ሁኔታው ፈርሷል ከተባለ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ካለበት ይነሣል። ከተፈቱት አንዷ የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ስለ ይቅርታው አጠያየቅ በውጭ አገር በተናገሩት ቃል ምክንያት ታኅሣሥ 19 ቀን 2001 ዓ.ም. እንደገና ተይዘው ፍርዱ ተመለሰባቸው፤ የተፈቱት መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በተያዙበት ሰዓት መስፍን አብረዋቸው ነበሩ። የ78 ዓመቱ ሽማግሌ በጠመንጃ ሰደፍ እንደ ተመቱ በወቅቱ ተዘግቧል። ወይዘሪት ብርቱካን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።

ሰውን ማሰር ያልቻለውን ነገር የጨረሰው በዚያው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ነው። አዋጁ ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። ድሀ በሆነ አገር፣ የተበደለው ገበሬ ለመዝገቡ ራሱ ይክፈል እንደማለት ነው። ኢሰመጉ የባንክ ሒሳቡ ታገደበት፤ ስሙን ለውጦ እንደገና ተመዘገበ፤ ካሉት 12 ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ዘጠኙን ዘጋ። እገዳውን በመቃወም ያቀረበው ክርክር በ2005 ዓ.ም. እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ አልተሳካም።

የዚህ ሕግ ውጤት ምን እንደ ነበረ በጌዴኦ በኩል ማየት ይቻላል። በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ዲላ ሲጎርፍ አዋጁ ገና በሥራ ላይ ነበር። ወረዳ ለወረዳ ተዘዋውሮ የሚጠይቅ፣ የጌዴኦንም የጉጂንም ሟች በአንድ መዝገብ ላይ በእኩል የሚያሰፍር፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ የአገር ተወላጅ ድርጅት በብዛት ሊኖር በሚገባው ጊዜ፣ ያለው ቀጭኖ ነበር። የዕርዳታ ሠራተኛ የሚመዘግበው ሊመግበው የሚፈልገውን ሰው ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ቤቱን ማን እንዳቃጠለ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ትእዛዝ ብሎ መጠየቅ የሌላ ሙያ ነው። ይህ ሙያ በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ ሰው መሠልጠን፣ ቢሮ መከፈት፣ ሕዝቡም አቤቱታ ይዞ መምጣትን መልመድ አለበት። መስፍንና ባልደረቦቻቸው ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ የገነቡት ይህንኑ ነበር።

መስፍን በመጨረሻው ዘመናቸው በብዛት ጻፉ። በ2005 ዓ.ም. ያወጡት «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የታሪክ ምሁራንን አስቆጥቶ ረጅም ክርክር አስነሣ፤ በ2007 ዓ.ም. «አዳፍኔ» ተከተለ። እነዚህ መጻሕፍት ከረሃቡ ጥናት ጋር ሲነጻጸሩ ማስረጃቸው የሳሳ፣ ፍርዳቸው የቸኮለ ነው የሚሉ አሉ፤ አስተያየቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሰፊ አንባቢ ያገኙት ግን እነዚሁ ናቸው፤ የሃያ ዓመቱ የረሃብ መዝገብ በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ከሙያው ሰዎች ውጭ ብዙም አልተነበበም። በአማርኛ ተተርጉሞ በየገጠሩ ለሚያስተምረው መምህር ቢደርስ ኖሮ ከሁሉም መጻሕፍታቸው ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

አዋጅ ቁጥር 621 በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ፤ ከውጭ የሚገኝ ገንዘብ ላይ የተጣለው የአሥር በመቶ ገደብም አብሮ ቀረ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት የሕግ ባለሙያ ዶክተር ዳንኤል በቀለ በዚያው ዓመት የመንግሥቱ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። መስፍን ይህን ለማየት በቅተዋል። መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ሲያርፉ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ነበር።